አንቱ ያልኳት ሴት

በምጽፈው ልብ ወለድ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በእግሯ ደሴ ትገባለች። በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ አንዲት የ70 ዓመት ሴት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ስንዴ ይለቅማሉ። ሁለቱም ዘሀራ ናቸው። ትገባለች፣ ይለቅማሉ። በእነዚህ ሁለት ግሶች መካከል ያለውን መንገድ ለማግኘት ከአራት ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚያ መንገድ ነው።

አማርኛ ስለ ሰው ሲያወራ ከዚያ ሰው ጋር ያለውን ዝምድና ሳይናገር ማለፍ አይችልም። መጣች ስል አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ፤ መጡ ስል ሌላ ቦታ ላይ። በኑሮ ውስጥ ይህ አያስቸግርም። ለማን አንቺ፣ ለማን አንቱ እንደሚባል አፍ ከፈታን ጀምሮ በምክርም በቁንጥጫም ተምረነዋል። ወረቀት ላይ ግን ይከብዳል። ተራኪው ዕድሜው ስንት ነው? ከዘሀራ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ቤቷ ገብቶ ቡና ጠጥቷል ወይስ በመንገድ ሲያልፍ ነው የሚያያት? ልጅቱ አድጋ፣ ወልዳ፣ ጸጉሯ ሲሸብት ተራኪው በየትኛው ገጽ ላይ ብድግ ብሎ እሳቸው ማለት ይጀምራል? ስታገባ ነው? የመጀመሪያ ልጇን ስትቀብር ነው? ወይስ አዲስ ምዕራፍ ስለ ተጀመረ ብቻ፣ በአንድ ተራ ማለዳ?

ይህን ሳነሣ የሰዋስው ጥያቄ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ገጸ ባሕርይ ስትሞትም ስትነሣም ያየሁት እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ዘሀራን ያገኘኋት ከጎረቤታችን እጅ ነው። የሴትዮዋን ስም አልጠራም፤ በሰፈር እንደምንጠራቸው እማማ እላቸዋለሁ። ያደግሁት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ካሉት ጠባብ መንደሮች በአንዱ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በር ላይ የሚቆምበት፣ ከሰል ሳይቀጣጠል ለማንም የማይነጋበት መንደር። የእማማ ቤትና የእኛ ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይዋሰኑ ነበር። እናቴ ገበያ ስትውል እኔ የምውለው እሳቸው ጓዳ ነበር።

እማማ እህል ሲሰፍሩ የማይተዉት አንድ ነገር ነበራቸው። ጆንያውን ይፈታሉ፤ በጣሳ እየሰፈሩ ሰፌድ ላይ ይገለብጣሉ፤ ሦስት ጣሳም ይሁን ዐሥር፣ ሰፍረው ሲጨርሱ ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ዘግነው ወደ ጆንያው ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ ነው ጆንያውን የሚያስሩት። ለድግስም፣ ለለቅሶም፣ ለተራ ቀንም እንዲሁ ነበር። አንድ ቀን፣ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ለምን እንደሚመልሱት ጠየቅኋቸው።

“ለጆንያው ምራቂ ነው” አሉኝ።

ምራቂ ሻጭ ለገዢ የሚጨምረው ነው። ሰው ለጆንያ ምራቂ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሌላ ነገር ይጨምሩ እንደሆነ ጠበቅሁ፤ ጆንያውን አስረው ተነሡ። ያ እፍኝ ከ30 ዓመት በላይ ከእኔ ጋር ኖሯል። ትምህርት ቤት ገብቼ ወጣሁ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ ሁለት መጽሐፍ አሳተምኩ፤ እጃቸው ወደ ጆንያው ሲመለስ እንዳየሁት ነው።

ገጸ ባሕርያቱን ከየት እንደማመጣቸው ሰዎች ሲጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ጥያቄው “ተመስጦ ከየት ታገኛለሽ?” በሚል ይመጣል። ቃሉ ለእኔ ሥራ አይስማማኝም። የተመሰጠ ሰው አጠገቡ ያለውን አይሰማም። መናኝ በጸሎት ሲመሰጥ ነፍሱ ከዚህ ዓለም ርቃለች ይባላል፤ ለመናኝ ያምርበታል። እኔ ተመስጬ የጻፍኩትን ሁሉ በኋላ ቀድጄዋለሁ፤ በእነዚያ ገጾች ላይ የሚሰማው የራሴ ድምፅ ብቻ ነበር። የሙያው የራሱ ስም ይበልጥ ይመራኛል። ልብ ወለድ የሚለው ቃል የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም በርእሱ ውስጥ የነበረ ቃል ነው። ከልብ የተወለደ ማለት ነው ብለን እናልፈዋለን። እኛ ቤት ግን ልብ የሚባለው የስሜት ማደሪያ ብቻ አልነበረም። እናቴ ከጓሮ ሆና “ልብ በይ!” ብላ ስትጮህ ወተቱ እየገነፈለ ነበር። ልብ ማለት ማስተዋል ነው፤ እሳት ላይ ያለውን ማየት ነው። ልብ ወለድንም ካስተዋሉት ነገር የሚወለድ አድርጌ ነው የምረዳው።

ልብ ማለትን የተማርኩት በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ያወርዳል። ለሦስት ዓመት ኮምቦልቻ አስተምር ስለ ነበር በየቀኑ በሚኒባስ እመላለስ ነበር። ጠዋት ደሴ መናኸሪያ ስንሳፈር ሁላችንም በጋቢና በጃኬት ተጠቅልለን ዝም ያልን ነን። ጠመዝማዛውን እየወረድን ስንሄድ አንዱ መስኮት ይከፍታል፣ ሌላው ጃኬቱን ያወልቃል፣ ከኋላ ወንበር ወሬ ይጀመራል። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሲሳፈሩ የማይተዋወቁ ሰዎች ስለ ልጆቻቸው ሠርግ ይመካከራሉ። ከአንድ ሰው አፍ የሚወጣው ነገር እንደሚቀመጥበት አየር እንደሚለዋወጥ ያስተማረኝ ያ መንገድ ነው። ዛሬም አንድ ገጸ ባሕርይ አልናገር ሲለኝ ያለበትን ቦታ እጠይቃለሁ፦ በርዶት ይሆን?

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ኮምቦልቻ አድሬ ሽቅብ ስመለስ አጠገቤ አንዲት ወጣት ተቀመጠች። ከሌሊት ፈረቃ የወጣች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ጸጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበረ። ሚኒባሱ ሳይንቀሳቀስ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኛች። ጣቶቿ ግን አልተኙም። የቀኝ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጭኗ ላይ የማይታይ ነገር ይዘው ይጠመዝዛሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይይዛሉ። ምን እንደምታደርግ የገባኝ ከተማውን አልፈን ሽቅብ ከጀመርን በኋላ ነው፤ የተበጠሰ ክር እየቀጠለች ነበር። በእንቅልፏ ስምንት ሰዓት ሙሉ ስትሠራ ያደረችውን ትሠራለች። ደሴ ስንደርስ ረዳቱ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ቀሰቀሳት፤ ሻርፗን አስተካክላ ወረደች። አላናገርኳትም። ባናግራት ኖሮ ታሪኳን ሰምቼ እወርድ ነበር፤ ጣቶቿን ግን አጣቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ታሪክ ጣትን ይሸፍናል። የዘሀራ የልጅ ልጅ ከእነዚያ ሁለት ጣቶች ተነሥታ አሁን መጽሐፉ ውስጥ የምትኖር፣ ፈረቃዋን የምትቆጥር፣ አያቷን የምትቆጣጠር ልጅ ሆናለች።

መጽሐፉን በ2010 ዓ.ም. ስጀምር ግን ለዘሀራ እንዲህ ያለ ነፃነት አልሰጠኋትም። ሳስባት የሚታየኝ የእማማ ፊት ነበር። ግሱ ሳላዘው ራሱ አንቱ ሆነ፤ እማማን እንዴት መጣች እላቸዋለሁ? የጀመርኩትም ከእርጅናዋ ስለ ነበር፣ ወደ ኋላ ስመለስ ልጅቱም እሳቸው ሆና ቀረች። የ17 ዓመት ልጅ በባዶ እግራቸው መንገድ ጀመሩ። ተራቡ። ደከማቸው። ጆሮዬ እየቆረቆረው ዝም አልኩት፤ ፍቅሬና አክብሮቴ ይሻላል አልኩ።

ልጅቱ ደሴ የምትገባው በ1966 ዓ.ም. ነው። በ1965 እና በ1966 ወሎን የመታው ረሃብ ገበሬውን ከየቀየው ነቅሎ ወደ ዋናው የአስመራ መንገድ አወጣው። ሕዝቡ በመንገዱ ዳርና ዳር ባሉት ከተሞች መጠለያ ሲጎርፍ የጊዜው መንግሥት ነገሩ እንዳይሰማ ለብዙ ወራት ሸፍኖት ቆየ። ስለዚያ ጊዜ ያነበብኩት ብዙ ነው። የጠየቅኋቸውም ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ “ያ ክፉ ቀን” ብለው ሌላ ወሬ ያነሣሉ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አውቅ ነበር። ዘሀራ በመጠለያው የመጀመሪያ ሌሊት አጠገቧ ከተኛች እናት ነጠላ ሥር ዳቦ ትወስዳለች። ከእሷ የባሰ ከራባት ሴት። መጽሐፉ ሁሉ በዚያ ሌሊት ላይ የቆመ ነው። እዚያ ስደርስ እንዲህ ጻፍኩ፦ ዘሀራ ዳቦውን ሰረቁ። ዐረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አነበብኩት። አንቱታው ስርቆቱን አይሸከምም። የሚያነበው ሰው ወይ ይስቃል፣ ወይ እንደ ስድብ ይሰማዋል። “ወሰዱ” አልኩ፤ ውሸት ሆነ። “አነሡ” አልኩ፤ ባሰ። በመጨረሻ እጄ ሌላ ሰው አመጣ፦ አንድ ደግ ዘበኛ። ዘበኛው ከካፖርቱ ኪስ ዳቦ አውጥቶ ለልጅቱ ዘረጋና “እንኩ” አላቸው።

ለ17 ዓመት ልጅ፣ በዚያ ሌሊት፣ እንኩ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ 200 ገጽ ያህል ሄደ። ዘሀራ ግን ከዚያች ሌሊት አልወጣችም። ትናገራለች፣ ታገባለች፣ ትወልዳለች፤ አንዱም የሷ አልነበረም። ያልሠራችውን በጎ ነገር ተቀብላ የሠራችውን ክፉ ነገር የተነጠቀች ሰው ምን ቀራት? ያኔ ይህን እንዲህ አድርጌ መናገር አልችልም ነበር። ድካም ብቻ ይሰማኝ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ረቂቁን አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ አርታኢ ላክሁ። ማስታወሻዎቹ ጥንቃቄ የተሞላባቸው ነበሩ። ዘበኛውን ወደደው፤ “ልብ የሚነካ” ብሎ ከሥሩ አሰመረበት። የገጸ ባሕርይዋን ሙሉ ስም ግን፣ ዘሀራ ገብሬ፣ ቀለበት አስገብቶ “ስሕተት ይመስላል፤ ወይ ስሟ ወይ የአባቷ ስም ይስተካከል” ብሎ ጻፈበት።

ለብዙ ቀን አልበረደልኝም። እኛ በሰይድ የሚጀምር ስም በከበደ ሲያልቅ ግር የማይለን ሰዎች ነን። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም ጁምዓ፣ ሌላው ቅዳሴ ሲሄድ፣ እናት ለሁለቱም ቁርስ ስታቆይ አይተናል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ደሴ ላይ የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል መሐመድ አሊ ተብለው የተወለዱ፣ በ1870 ዓ.ም. ከከተማው አጠገብ በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ክርስትና የተነሡ ሰው ናቸው፤ የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ። ያ ጊዜ ለብዙ ሰው የውዴታ አልነበረም፤ ስሞቻችን ውስጥ ቁስሉም ፈውሱም አብረው አሉ። ዘሀራ ገብሬ የሚለው ስም ለእኔ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሚያህል ነገር በሁለት ቃል ይናገራል። ወሎ ላይ ለገጸ ባሕርይ ስም ማውጣት የአያት ቅድመ አያቷን መንገድ መወሰን ነው፤ ሦስት ወር ያሰብኩበት ስም ነበር። ለአርታኢው ይህን ሁሉ ጽፌ ላክሁለት፣ እሱም በጨዋነት ተቀበለኝ።

አይጠየፍ የሚለውን ስምም ያኔ ነው ደጋግሜ ያሰብኩት። አዳራሹ ግብር ሲበላበት ትልቁንም ትንሹንም አይጠየፍም ነበርና ስሙን ከዚያ አገኘ ይባላል። በልጅነቴ በአጠገቡ ሳልፍ ስም ብቻ ነበር። ስሙን ለአርታኢው በምጽፍበት ደብዳቤ ላይ ሳነሣው አንድ ነገር ወጋኝ። እኔ ዘሀራን ሌባ ሆና እንዳትገባ በር ላይ የመለስኳት ሰው ነኝ። ለስሟ የተከራከርኩትን ያህል ለስርቆቷ አልተከራከርኩላትም።

ያም ሆኖ ግሱን አልቀየርኩም። ማወቅና ማየት ይለያያሉ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። መንደራችን በሁለት ቀን ውስጥ ባዶ ሆነ። እናቴንና አንድ ሻንጣ ይዤ ስወጣ ደብተሮቼን ተውኳቸው። ሰባት ነበሩ፤ የሚኒባሱ፣ የገበያው፣ የለቅሶ ቤቱ፣ የዓመታት ጆሮዬ። የእማማን በር አንኳኳሁና ተነሡ፣ መኪና አለ አልኳቸው። ጓዳ ነበሩ። ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀዋል።

“አንድ ጊዜ በመንገድ መጥቻለሁ። ሁለተኛ በመንገድ አልሄድም” አሉኝ።

በ40 ዓመት ጉርብትና ስለዚያ ዘመን የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው። ልብ ወለዱ ውስጥ አላስገባሁትም፤ የእሳቸው ነው። እዚህ የጻፍኩት ፈቅደውልኝ ነው። ይህን ሲሉ በሩ ላይ ያየሁትን ግን መናገር አለብኝ። የሽማግሌዋ ፊት ለአንድ አፍታ ጠፋ። በሩ ላይ የቆመችው መንገድ የደከማት፣ የገባችበትን ቤት የማትለቅ ልጅ ነበረች። አቅፌያቸው ሄድኩ። መኪናው ውስጥ ሆኜ ስለ እሳቸው ሳስብ “እንዴት ትሆን ይሆን?” አልኩ። ትሆን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እማማን በልቤ አንቺ አልኳቸው።

አዲስ አበባ አንድ ዘመድ ቤት አረፍን። እናቴ ስትተኛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እቀመጥ ነበር። ደብተር የለም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ረቂቅ መክፈት አስጠላኝ። ባዶ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው የወጣው ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር፦ ልጅቱ ዳቦውን ሰረቀች።

ምን እንደ ሆነ በቅጡ ልናገር። ሰረቀች ስል አጠገቧ ተኝቼ ነበር። ከላይ ሆኜ አላየኋትም፤ ከታች ሆኜም አልሰገድኩላትም። የነጠላው ጨርቅ እጇ ላይ እንዴት እንደ ሻከረ ታወቀኝ። የምትሰርቃት ሴት እንዳልተኛች ታወቀኝ፤ ዐይኗን ጨፍና ዝም ብላለች። ይህን በየትኛውም ደብተር ላይ አልጻፍኩትም፤ ማንም አልነገረኝም። በአራት ዓመት ያላገኘሁትን በአንድ ሌሊት ዐሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ዘበኛው አልመጣም።

አንድ የማውቀው ክራር ተጫዋች አለ። ወሎ ለአገሪቱ ሙዚቃ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች የሁለቱን ስም ሰጥቷል፤ ባቲም አምባሰልም አገር ናቸው። ይህ ሰው ትዝታ ተጫውቶ ወደ አምባሰል ሲሻገር ይቆማል። ክራሩን አይለውጥም፣ ክሮቹን አይለውጥም። ጆሮውን ወደ ክራሩ ጣል አድርጎ መቃኛዎቹን በጥቂቱ፣ ዐይን በማያየው መጠን ያዞራል። ሲመለስ ያው እንጨት ያው ክር ሌላ ሐዘን ያወጣል። ከ2014 በፊት ሲቃኝ ሳየው የዝግጅት ጊዜ ይመስለኝ ነበር። አሁን ዋናው ሥራ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ። ዘሀራን ከእሳቸው ወደ እሷ ሳዞራት የለወጥኩት የግስ መጨረሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ባሏም፣ ሳቋም፣ ቁጣዋም ተለወጡ። በአሮጌው ረቂቅ ላይ ደርቆ የቀረው የሠርጓ ምዕራፍ እንደ ገና ሳነበው ነውር የሌለበት፣ ሰው የሌለበትም ሆኖ አገኘሁት። አዲሷ ዘሀራ በሠርጓ ቀን ትዋሻለች፤ ለምን እንደምትዋሽም አውቃለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ከሰባቱ ደብተሮች ሁለቱን አገኘሁ፤ እነሱም ውኃ ጠጥተው ነበር። አለቀስኩ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ የጠፉትን ደብተሮች የሚያስፈልገኝ ነገር እስካሁን አልገጠመኝም። በእኛ ቋንቋ ገጽ ፊት ነው፤ ገጽ የመጽሐፍም ነው። ገጹ ሲጠፋ ፊቱ ቀርቶልኛል። እማማም ደኅና ነበሩ። እኛ ስንገባ ከሰል አያይዘው፣ ምንም እንዳልሆነ “መጣችሁ? አብሽሩ፣ ግቡ” አሉን።

የአዲሱን ረቂቅ የተወሰነ ክፍል ለእናቴ አነበብኩላት። ዘሀራ 60 ዓመት ሞልቷት ከልጇ ጋር የምትጣላበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ። “ያችን የምታክል ሴትዮ ዋሸች፣ ቀናች ትያለሽ? አንቺ ማን ነሽ?” አለችኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ነገር ግን ልብ ወለዶቻችን ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ሲገቡ ብዙ ጊዜ የሚመርቁ፣ የሚመክሩ፣ ወይም የሚሞቱ ሆነው ነው የማገኛቸው። ሲመኙ፣ ሲቀኑ፣ ሲጸጸቱ፣ በ65 ዓመታቸው ሐሳባቸውን ሲለውጡ እምብዛም አላይም። ይህ የደራስያን ድክመት ብቻ አይመስለኝም። አንቱታ ለቡና ጠጪ ክብር ነው፤ ለተራኪ ግን አንዳንድ ጊዜ መጋረጃ ይሆናል። መጋረጃው እንዲኖር የሚገባበት ቦታም አለ። ስለዚህ እንዲህ ወሰንኩ፦ በመጽሐፌ ውስጥ ጎረቤቱ፣ ነጋዴው፣ ቄሱና ሸሁ ዘሀራን አንቱ ይሏታል። ተራኪው ብቻ፣ እስከ መጨረሻው፣ እሷ ይላታል። በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ተራኪው ቃሉን ለልጅ ልጇ፣ ክር ለምትቀጥለዋ ልጅ፣ ያስረክባል። እሷ ናት አያቴ ስንዴ ይለቅማሉ የምትለው።

እናቴ አሁንም አልተስማማችም። “እማማ ቢሰሙሽ ምን ይላሉ?” አለችኝ። እኔንም የሚያስፈራኝ ይህ ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ ጉሙ ከቀትር በፊት በወረደበት አንድ ቀን፣ ወረቀቱን ይዤ እማማ ዘንድ ገባሁ። ማንበብ አይችሉም። አስቀድሜ ነገርኳቸው፦ ይህች ሴት እርስዎ አይደሉም፤ ነገር ግን ከእርስዎ የወሰድኩት አለ፤ ከእርስዎም ያልሆነ ብዙ አለ። ካልወደዱት አውጥቼ እጥለዋለሁ አልኩ። ቡናውን እየቆሉ “አንብቢ” አሉኝ። ሦስተኛውን ምዕራፍ አነበብኩ። አቦሉ ተጠጣ። አራተኛውን አነበብኩ። ገባች፣ ወደቀች፣ ተነሣች ስል ፊታቸውን እሰርቅ ነበር። ዐይናቸው ረከቦቱ ላይ ነው። ቶናውን ቀዱ። አምስተኛውን፣ የሌሊቱን፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ አነበብኩት። ሰረቀች የሚለው ላይ ስደርስ አልቆምኩም። ምዕራፉ የሚያልቀው ልጅቱ ዳቦውን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር ነበር።

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ፍሙን በመቆስቆሻው ነካ ነካ አደረጉት።

“በላችው?” አሉኝ።

“ማን?”

“ልጅቱ ናታ። ዳቦውን በላችው ወይስ እንደ ያዘችው ተኛች?”

እሷ ነበር ያሏት። ልጅቱ ነበር ያሏት።

“አላውቅም እማማ” አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ጠይቄው አላውቅም። ስርቆቱን ለመጻፍ ብቻ ያን ያህል ዓመት ፈጅቶብኝ ነበር።

“አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትጽፊው?”

“ነኝ። እዚያ ገና አልደረስኩም።”

“እንግዲያው በረካሽን ጠጪና ሂጂ፤ ድረሺላት። ልጅቱ ርቧት እንዳታድር።”

ለእራት ሊሰፍሩ ተነሡ። ጆንያውን ሲፈቱ፣ ጣሳው ሰፌዱ ላይ ሲገለበጥ ከኋላቸው ይሰማኝ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እጃቸው ወደ ጆንያው እስኪመለስ ሳልጠብቅ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ልጅቱ ከግድግዳው ተመለሰች። ዳቦውን ከደረቷ አወጣች። ሴትዮዋ ዐይኗን ጨፍና፣ ሳትተኛ፣ እንደ ተጋደመች ነበር። ልጅቱ በጨለማው ውስጥ ከዳቦው ጫፍ አንድ ቁራሽ ገመሰች፤ እጇን ዘርግታ ነጠላው ሥር መልሳ አስገባችው። ከዚያ በላች።